የውሃ ልክ ቀኝ ዓይን

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት፣ መታወቂያው ላይ የሰፈረ ስም አለው። በዚያ ስም ብትጠሩት ግን ዞር ብሎም አያያችሁ። ሰፈሩም ደንበኛውም፣ ሚስቱ ሳትቀር፣ «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት። ውሃ ልክ ማለት ያው ግንበኛና አናጺ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ መሃሉ ላይ አረፋ ያለው መሣሪያ ነው። እሱ ግን መሣሪያውን በእጁ ይዞ አያውቅም። ምን ሊያደርግለት? ቀኝ ዓይኑ እያለለት! የጣውላውን አንድ ጫፍ ወደ ፊቱ ያነሳል፣ ግራ ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል፣ በቀኙ ጠርዙን ተከትሎ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ያያል። ከዚያ «እዚህ ጋ ሆዱ ወጥቷል፤ እዚያ ጋ ወገቡ ገብቷል» ይላል። አለቀ፣ ይግባኝ የለም።

እንጨት ቤቱ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኙና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሃል የተሰነቀረ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ፀሐይ ሲወጣ ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲመጣ ያደነቁራል። ወለሉ ላይ ያለው ሰጋቱራ ጫማ ይውጣል። ታላቅየው መላጊያውን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ይጎነበሳል፣ ታናሽየው ውሃ ልክ ደግሞ ጣውላውን እያነሳ ያያል። ታላቅየው ይልጋል፣ ታናሽየው ያዝዛል። አዎ፣ ታናሹ ነው የሚያዘው! እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ «ይሄ ሰውዬ ታላቁን እንዲህ ሲያዝዝ አያፍርም?» ይላል። ታላቅየው ግን ቅር ብሎት አያውቅም። ዝምተኛ ነው፤ ከአፉ አንድ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። ሰው ስለ ወንድሙ ሲጠይቀው «እሱ ካለ፣ አለ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። በዚያ ቤት ማስመሪያ ይዞ የገባ ሰው እንደ ተሳዳቢ ነው የሚታየው።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ የሴቶቹን ፀጉር ስትሠራ ትውልና በእረፍት ቀኗ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥታ የባሏን ታስተካክላለች። አንድ ቀን ከኋላው ቆማ፣ አገጩን ይዛ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀና ስታደርገው፣ ከግንባሩ በላይ ሆና ቁልቁል አየችው። መቀሷ አየር ላይ ቀረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኝ ዓይንህ ወጣ ብሏል እኮ» አለችው።

«የት ሊሄድ?»

«አልቀለድኩም። ከላይ ሆኜ ሳይህ ግራው ቅንድብህ ሥር ተደብቋል። ቀኙ ግን አፍጥጦ ያየኛል።»

«ቆንጆ ሴት አይቶ ነዋ! ግራው ድሮም ዳተኛ ነው።»

እሷ አልሳቀችም። የሠርጋቸውን ፎቶ ከሳጥን አውጥታ አሳየችው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል ናቸው። በቅርቡ የእህቷ ልጅ ሲመረቅ የተነሱትን አመጣች፤ ቀኙ ከግራው ተለቅ ብሏል፣ ነጩም በዝቷል። «ፎቶ አንሺው ነው ያበላሸው» አለና ተነሳ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አይፈረድበትም፤ አያመውም፣ አይቆጠቁጠውም፣ አያስለቅሰውም። ያላመመውን ሰው ሐኪም ቤት ውሰዱ እስቲ! እኔ ሞክሬ አይቻለሁ፤ በሬ መጎተት ይቀላል።

በዚያው ሰሞን ጣውላ ሁሉ ይጣመምበት ጀመር። ከጣውላ ነጋዴው የሚመጣው እንጨት፣ አንዱም ሳይቀር፣ መሃሉ ላይ ሆዱ ወጥቶ ይታየዋል። «ምን ዓይነት ዘመን ነው? ቀጥ ያለ ዛፍ ጠፋ እንዴ?» ይላል። ጣውላ ነጋዴውን ሰው «ጉቶ» ነው የሚለው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ከቆመበት የማይነቃነቅ ሰው ነው። ውሃ ልክ ጉቶን ሙልጭ አድርጎ ይሰድባል፤ ከዚያ ለወንድሙ «እዚህ ጋ ቀንስ፣ ትንሽ ጨምር፣ አሁንም ሆድ አለው፣ ላግ» ይላል። ታላቅየው ይልጋል። ፍቅፋቂው እስከ ጉልበቱ ይከመራል። አንዳንዴ ቀና ብሎ ጣውላውን አተኩሮ ያያል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጎነበሳል። ውሃ ልክም «ጠማማ ካልነበረ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ይምላል። አያችሁልኝ አማማሉን?

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ሥራ መጣ። አንድ ትምህርት ቤት የክፍሎቹን በሮች በሙሉ፣ ከነመቃናቸው፣ አዲስ እንዲሠሩለት አዘዘ። ወንድማማቾቹ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ካገኙ ቆይተዋል። ሠሩ፣ ወሰዱ፣ ገጠሙ። በማግስቱ ርዕሰ መምህሯ ራሷ እንጨት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ረጋ ያለች ሴት ስትቆጣ ደግሞ ታውቃላችሁ።

«ሥራችሁን ኑና እዩልኝ» አለቻቸው። «በሮቹ ተዘግተውም ክፍት ናቸው።»

ሄዱ። እውነቷን ነው። በሩ ከላይና ከታች መቃኑን ይነካል፣ መሃሉ ላይ ግን ድመት የሚያሾልክ ክፍተት አለ። አንዱ ብቻ ቢሆን ምን አለ! ሁሉም! ልጆቹ በክፍተቱ እያጮለቁ ይስቃሉ። ውሃ ልክ ደሙ ፈላ። መላጊያውን አስመጥቶ እዚያው «አስተካክላለሁ» ብሎ በዓይኑ እየለካ ሲያስልግ ዋለ፤ የድመቷ መንገድ ለበግ ተረፈ። ወደ ቤት ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የማን ጥፋት ነው? ያው የጉቶ! እርጥብ እንጨት ሸጦልን ሲደርቅ ተጣመመ፣ አለ። ይህንኑ በየሱቁ እየዞረ ተናገረ። ሁለቱ ሰዎች ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ጉቶ ወሬው ሲደርሰው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። አንድ ረፋድ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል የብረት ማስመሪያ እንደ ጎራዴ ይዞ እንጨት ቤቱ ገባ። ሰላምታ የለ፣ እንደምን አደራችሁ የለ።

«ባለፈው ከላክሁት ጣውላ ያልተነካ አለ?» አለ።

ታላቅየው በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ጉቶ አንዱን ጣውላ ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ በጠርዙ አቆመ፣ ማስመሪያውን ጠርዙ ላይ አስተኛና «እስቲ ጎንበስ በል» አለው ታላቅየውን። «በእንጨቱና በብረቱ መሃል ብርሃን ያልፋል?»

ታላቅየው ጎንበስ ብሎ አየ።

«አያልፍም።»

«ምን?»

«ምንም ብርሃን አያልፍም።»

«ሰማህ?» አለ ጉቶ ወደ ውሃ ልክ ዞሮ። «ስሜን በየሰፈሩ አጥፍተሃል። ና፣ በዚያ በምታመልከው ዓይንህ እየው!»

ውሃ ልክ ወገቡን ይዞ መጣ። ማስመሪያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ጫፉን ወደ ፊቱ አስጠጋ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ አየ። ብረቱን ገልብጦ በሌላው ጫፍ አየ። ከዚያ በሙሉ ድምፁ፣ ዳኛ እንደሚፈርድ፦

«ብረቱም ጠማማ ነው!» አለ።

ጉቶ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ወይ ጉድ! ብረት! የፋብሪካ ብረት ጠማማ!» እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ። ግን ቀና ሲል የውሃ ልክን ፊት አየና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ውሃ ልክ ቀኝ ዓይኑን ለብቻው ለመጨፈን ይታገል ነበር። አልሆን አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ ግራውን ብቻ ሲጨፍን የኖረ ሰው ቀኙን እንዴት ይጨፍነው? ጉንጩ ተኮማተረ፣ አፉ ተጣመመ፣ ዓይኑ ግን አልታዘዘውም። በመጨረሻ በመዳፉ ሸፈነው። በግራው አየ። ብረቱ ቀጥ ያለ ነው። ጣውላውን አየ። ቀጥ ያለ ነው። መዳፉን አነሳ፤ ሁለቱም ጎበጡ። መልሶ ሸፈነ፤ ሁለቱም ተቃኑ።

ማስመሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ሰጋቱራው ላይ ቁጢጥ አለ። ጉቶ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። ውሃ ልክ ወደ ወንድሙ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ አንተ ስታየው ምን ነበር የሚታይህ?» አለው። «ያን ሁሉ ጣውላ ስትልግ ምን ነበር የምታየው?»

ታላቅየው መላጊያውን በእጁ አገላበጠ።

«ቀጥ ያለ ይመስለኝ ነበር» አለ። «አንተ ጠማማ ነው ስትል ግን የኔ ዓይን ደክሟል አልኩ። አርጅቻለሁ አልኩ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁሉንም።»

ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያምንህ ደስ ይላል። እንዲህ ሲያምንህ ግን ያስፈራል። ውሃ ልክ በዚያች ቅጽበት ከዓይኑ ይልቅ የወንድሙ ዝምታ አቃጠለው፤ ደግሞም መቆጣት እንደማይገባው ያውቃል፤ ዝምታውን ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ተነሥቶ ሽርጡን ፈታ። «ሚስቴ ጋ ሄጄ አንቺ ልክ ነበርሽ ልላት ነው» አለ። «ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።»

ሐኪም ቤት ሄዱ። የመጀመሪያው ሐኪም የወጣ ዓይን ሲያይ የእንቅርት ዕጢ ነው ብሎ ጠርጥሮ ደም አስመረመረ፤ ደሙ ምንም አላለም። ከዚያ የጭንቅላቱን ምስል በመሣሪያ አስነሱት። ከዚያ ሥራዋ የዓይን ጉድጓድ ብቻ ወደሆነች ስፔሻሊስት ላኩት። ውሃ ልክ መጀመሪያ ስለ ጉድጓዱ ብቻ የሚያጠና ሰው መኖሩን ሲሰማ «ወይ ሙያ!» ብሎ ነበር። ዶክተሯ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ምስሉን ስክሪን ላይ ከፍታ በእስክሪብቶ ጠቆመችው።

«ይሄ የዓይንዎ ኳስ ነው። ይሄ ደግሞ ከኋላው፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ነው። ካንሰር አይመስልም። ከትናንሽ የደም ሥሮች የተሠራ ዕጢ ነው፤ ወደ ሌላ ቦታ አይሠራጭም። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ነገር ነው። እርግጠኛ የምንሆነው ወጥቶ ሲመረመር ቢሆንም መልኩ ይሄን ነው የሚለው።»

«ክፉ ካልሆነ ታዲያ ምን አጣልቶን ነው?»

«ቦታ የለውማ! ጉድጓዱ ዙሪያውን አጥንት ነው። ዕጢው ሲያድግ የሚገፋው ዓይንዎን ነው፣ ወደ ፊት። ከጀርባው ሲጫነው ደግሞ ምስል የሚያርፍበት የውስጥ ሽፋን ልክ እንደ አንሶላ ተጨማደደ። ለዚህ ነው ቀጥ ያለው ነገር ጎባጣ ሆኖ የሚታይዎት።»

ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘች። ውሃ ልክ እጇን ጨበጥ አደረገና «እንዴት ነው የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሯ በራሷ ፊት ላይ አሳየችው፤ ከዓይን ጫፍ ወደ ጆሮ በኩል ያለውን አጥንት በትንሽ መጋዝ ቆርጣ ታነሳለች፣ በዚያ በኩል ገብታ ዕጢውን ታወጣለች፣ አጥንቱን መልሳ በትናንሽ ብሎን ታስራለች።

«መቃኑን ነቅለው፣ ዕቃውን አውጥተው፣ መቃኑን መልሰው መግጠም ማለት ነዋ!» አለ።

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ብቻ መቃኑን ስትገጥሙ በዓይን አይሁን።»

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሱ ግን ቀልዱን እዚያ ላይ አቆመና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። «ዶክተር፣ ቁርጡን ይንገሩኝ» አለ። «ይሄ ዓይን እንጀራዬ ነው። ይመለስልኛል?»

እሷም ቁርጡን ነገረችው። ዕጢው የእይታ ነርቩን ተጠግቶ ነው የተቀመጠው። ሲወጣ ነርቩ ከተጎዳ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ግን የለም አትልም። ከተተወ ደግሞ ቀስ እያለ ያድጋል፣ ነርቩን እየተጫነ በዓመታት ውስጥ ዓይኑን ያጨልመዋል። በደህና ቢወጣ እንኳ የተጨማደደው ሽፋን ይዘረጋ ይሆናል፣ ላይዘረጋም ይችላል። «ዓይንዎን ለማዳን እሠራለሁ» አለችው። «መሥመሩን ለማቃናት ግን ቃል አልገባም።»

ማታ ቤት ተሰበሰቡ። ታላቅየውም መጥቶ ነበር። ሚስትየዋ ነገሩን ስታስረዳው ሰምቶ ሰምቶ ድንገት ቆመ።

«አይሆንም!» አለ። «አይነካም! ግራው ደህና ነው፤ በአንድ ዓይን ስንቱ ይኖራል። እሷ ራሷ ሊጠፋ ይችላል ብላለች። በቀስታ ነው የሚያድገው ተብሏል አይደለም? በቀስታ ይደግ! እናታችን ስትሞት አደራ ያለችኝ እኔን ነው፤ ራስህን በመጋዝ ሲከፍቱት ቆሜ አላይም። ሰማህ? ቆሜ አላይም!»

ውሃ ልክ አፉን ከፍቶ አየው።

«ለካ ይሄን ያህል ቃል ነበረህ!» አለ። «ከዚህ ላይ አንዷን እንኳ ለበሮቹ ብታወጣት ምን ነበረበት?»

ታላቅየው ልቡ ስንጥቅ አለ፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ውሃ ልክም ወዲያው ተጸጸተ፤ ግን ቃል ከወጣ ወጣ ነው። ተነሥቶ ወንድሙን ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«ስማኝ፣ ጋሼ» አለው። «እኔም ፈርቻለሁ፤ አልዋሽህም። ግን ነቀዝ የገባበትን እንጨት ቀለም ቀብተን ሸጠን እናውቃለን? እንዲህ እየጎበጠብኝ፣ እየጨለመብኝ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከምሰናበተው አንዴ ልግጠመው። ከዳነ ዳነ። ከጠፋም ማን እንዳጠፋው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ፣ ወስኜ። ቆርጫለሁ።»

ሚስቱ እንባዋን በመሐረቧ ጠርጋ «እኔ አብሬህ ነኝ» አለች። «ፀጉርህን ግን ማንም አይላጭህም፤ እኔ ነኝ የምላጭህ።» ታላቅየው አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ውሃ ልክ ሁለት ቦታ ሄደ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ርዕሰ መምህሯን «እንጨቱ ደህና ነበር፤ የተጣመመው የኔ ዓይን ነው። በሮቹን እንደገና እንሠራለን» አላት። ሁለተኛ ጉቶ ጋ ሄደ። ጉቶ ከጣውላው ክምር ላይ ተቀምጦ ነበር። ውሃ ልክ በሠራተኞቹ ፊት፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ስምህን ያለ ጥፋትህ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለው። ለኩሩ ሰው ይሄ ከመጋዙ አይተናነስም። ጉቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሂድና መጀመሪያ ተሠርተህ ና» አለው። «የተጣላሁት ሙሉ ዓይን ካለው ሰው ጋር ነው፤ የምታረቀውም ሙሉ ዓይን ካለው ጋር ነው።» አቅፎ ሸኘው።

የተቀጠረበት ቀን ጠዋት በአልጋ እየገፉ ሲያስገቡት ሚስቱ እስከ መጨረሻው በር እጁን ይዛው ነበር። ቆሜ አላይም ያለው ታላቅየው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ መሥሪያ ልብሱን እንኳ አልቀየረም፣ ጫማው ላይ ሰጋቱራ አለ። ውሃ ልክ እጁን አነሣለት። ከዚያ ማደንዘዣው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ስለነበረው እሱም አያውቅ፣ እኔም አልነግራችሁ።

ሲነቃ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ የሌላ ሰው ሆኖበት ነበር። ዶክተሯ መጥታ ፋሻውን ላላ አደረገችና ያበጠውን የዓይኑን ቆብ በጣቷ ገልጣ መብራት አበራችበት።

«ምን ይታይዎታል?»

ዶክተሯ መብራቱን ወዲያ ወዲህ አደረገችው።

«ብርሃን» አለ በመጨረሻ። «ከብርሃኑ ጀርባ ደግሞ አንድ የደከማት ሴት።»

«እሷ እኔ ነኝ» አለች ዶክተሯ። ነርቩ ተርፏል። ዕጢው ሳይቀደድ ሙሉውን ወጥቷል፤ አንድ ትልቅ ፍሬ ወይን ያህላል፣ መልኩም እንደዚያው ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው። ኋላ ምርመራው ሲመጣም ካንሰር አለመሆኑ ተረጋገጠ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ታላቅየው አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን መታ መታ ያደርግ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ታየው። «ሚስቴ ሁለት ሆነችብኝ» ይላል ለጠያቂው። «የሚገርመው፣ አንዷ ስትቆጣኝ ሌላዋ እንኳ አታባብለኝም።» እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለ፣ ሁለቱ ሚስቶችም አንድ ሆኑ። ከላይ ሆና ስታየው ሁለቱ ዓይኖቹ ቅንድቡ ሥር እኩል ገቡ። ከዓይኑ ጫፍ ወደ ጆሮው የሚሄድ ቀጭን ጠባሳ ቀረ። የመንገዱን ማዶ ማስታወቂያ ያነባል፣ ሰው ከሩቅ ይለያል። መሥመሩስ? መሥመሩን ማንም አልጠየቀውም፤ ሰው ሁሉ ፈርቶ ነው።

እንጨት ቤት ተመለሰ። የትምህርት ቤቱ በሮች ጣውላ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል፤ ጉቶ ራሱ መርጦ የላከው ነው። በየጠዋቱ ወንድሙ ከመምጣቱ በፊት ይገባና አንዱን ጣውላ አንሥቶ በቀኙ ያያል። ከበፊቱ ተሽሏል፤ ግን መሃሉ ላይ ያችው ሆድ አለች፣ ትንሽ፣ ግን አለች። ዛሬ ይለቀኛል፣ ነገ ይለቀኛል እያለ ሳምንታት ሄዱ። ለክትትል ሲሄድ ዶክተሯ መርምራ «ሽፋኑ በአብዛኛው ተዘርግቷል፤ የተረፈችው ግን እዚያው የምትቀር ይመስለኛል» አለችው። አመስግኗት ወጣ። መንገዱ ላይ ጥግ ይዞ ቆሞ ግድግዳ ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ዓይኑ ተርፎለታል፤ ያ ዓይኑ ግን አልተመለሰም። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ያማሉ።

በማግስቱ ታላቅየው ሲገባ ውሃ ልክ መላጊያውን ይዞ ጠረጴዛው ዘንድ፣ በታላቅየው ቦታ ቆሟል።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ታላቅየው።

«ልልግ።»

«ማን ያያል ታዲያ?»

«አንተ።»

ታላቅየው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ። «እኔ? እኔ ምን ዓይን አለኝ? የጉቶን ማስመሪያ እንዋስ።»

«ማስመሪያው ለበር ቁመት አይደርስም፣ የእንጨቱን መጠምዘዝም አያሳይም። ያን ሁሉ ቀጥ ያለ ጣውላ ቀጥ ያለ ብለህ ያየኸው አንተ ነህ። ዓይንህ ደህና ነበር፤ የጎደለው አፍህ ነው። የኔ ዓይን ለዚህ ሥራ አበቃ፣ ጋሼ። ተናገርኩት፤ ከባዱን ተናገርኩት። አሁን ና እይ።»

ታላቅየው መጣ። እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ። ጣውላውን አነሣ፣ አንድ ዓይኑን መጨፈን ስለማይችል በመዳፉ ሸፈነው፣ በሌላው አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አቁሞ በበሩ አጮለቀ።

«እዚህ ጋ... ትንሽ ሆድ ያለው መሰለኝ» አለ ታላቅየው።

«መሰለኝ የሚባል ነገር የለም! አለው ወይስ የለውም?»

«አለው።»

ውሃ ልክ መላጊያውን አሳረፈና ገፋ። መላግ ካቆመ ስንት ዘመኑ! ምላጩ ተቀርቅሮ እንጨቱን ቧጨረው። እንደገና ገፋ፤ እንደገና ዘለለበት።

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ!» ብሎ ጮኸ ታላቅየው። «እንጨቱን ፈጀኸው እኮ! እጅህን አላላ፣ ክንድህን ሳይሆን ወገብህን ግፋ!»

ሁለቱም ደነገጡ። ታላቅየው ዕድሜውን ሙሉ ወንድሙ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ውሃ ልክ አንገቱን ደፋ፣ እጁን አላላ፣ በወገቡ ገፋ። ረጅም፣ ቀጭን ፍቅፋቂ ከመላጊያው አፍ ተጠቅልሎ ወጣ።

«እህ?» አለ ቀና ሳይል።

ታላቅየው ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ጎንበስ አለ።

«ይቀራል» አለ። «ላግ።»